ጊታሪስቱን ከመውቀስ በፊት ሶኬቱን ማየት

በአርባ ምንጭ ምሽቶች፣ ሲቀላም ሆነ ሼቻ፣ የቀጥታ ባንድ በሚጫወትበት ግቢ የሚሰማ አንድ የታወቀ ወቀሳ አለ፤ «ዘፋኙ ጥሩ ነው፣ ድራመሩም አይከፋም፣ ጊታሩ ግን ዘፈኑን ያበላሸዋል» የሚል። ወቀሳው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሊድ ጊታሪስቱ የመጀመሪያውን ዜማ ሲመታ ድምፁ አምሮ ይንሳፈፋል። ዘፈኑ ሞቅ ሲል ግን ከጊታሩ ተመልሶ የሚመጣው ማሚቶ ከድራሙ ጋር መላተም ይጀምራል። በመሃል መብራት ብልጭ ብሎ ይመለሳል፤ ማሚቶው ወይ ጭራሹን ይጠፋል ወይ ሌላ ፍጥነት ይዞ ብቅ ይላል። ጊታሪስቱ ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ሳጥን ሲነካካ ሁሉም ያየዋል። ፍርዱም እዚያው ይሰጣል፤ ልጁ ልምምድ ይቀረዋል።

ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ሰው ላይ ያርፋል። ሙዚቀኞች ዲሌይ ፔዳል የሚሏት ያቺ ሳጥን በመድረክ ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ይበልጥ በሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ የምትደገፍ ናት። በትክክል ለመሥራት ሁለት ነገር ትፈልጋለች፤ ባንዱ በአንድ ፍጥነት መስማማቱንና ኤሌክትሪኩ መረጋጋቱን። የመጀመሪያው ያለው በድራመሩና በዘፋኙ እጅ ነው። ሁለተኛው ያለው በሆቴሉ ባለቤት፣ በዝግጅቱ አዘጋጅ፣ በበዓል ጊዜ ደግሞ መድረኩን በሚያሰናዳው መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ለጊታሪስቱ የቀረው ሁለቱም ሲበላሹ መወቀስ ብቻ ነው።

ነገሩ የአንድ ሳጥን ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ለክርክር ባልበቃ ነበር። ግን በዚህ ወቀሳ ሰበብ ባንድ ይሰናበታል። በምትኩ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ፍላሽ ላይ የተጫነ ፕሌይባክ ይዞ ይመጣል፤ አምስትና ስድስት ሰው እንጀራ ይበላበት የነበረ ምሽት ለአንድ ሰው ይቀራል። በየከተማው የቀጥታ ሙዚቃ የሳሳበት መንገድ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ፕሌይባክ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ፍጥነቱም አይለወጥም። ባለ ሆቴሉ ያሸነፈለት የመሰለው ሙዚቃው ነው፤ በእውነቱ የሸሸው ግን የገዛ ግቢውን የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

ዲሌይ የሚሠራው ነገር በራሱ ቀላል ነው። ጊታሩ ያወጣውን ድምፅ ይቀበልና ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሶ ያሰማል፣ እንደ ገደል ማሚቶ። አንዱ ማዞሪያ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚመልስ ይወስናል፤ ሌላው ስንት ጊዜ እንደሚደግም፤ ሦስተኛው ማሚቶው ከዋናው ድምፅ አንጻር ምን ያህል እንደሚጎላ። ቀደም ባለው ዘመን ይህ የሚሠራው በማግኔት ቴፕ ነበር። ከዚያ በእግር የሚረገጡት ትንንሽ ሳጥኖች መጡ፤ የቦስ ኩባንያ አናሎግ ዲኤም 2 ድምፁን እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ያዘገያል፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ዲጂታሉ ዲዲ 3 እስከ 800። ዛሬ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚያዘገዩ ሞልተዋል።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ ደግሞ ለማሚቶ እንግዳ አይደለም። ሰርግ ላይ ማይክ የጨበጠ ሰው «ሄሎ፣ ሄሎ» ካለ በኋላ የሚያስከትለው ጥያቄ «ኢኮ ጨምርልኝ» ነው። እንዲያውም ከመድረኩ ችግሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ለዘፋኙ በራሱ ግምት ማሚቶ ይጨምራል፣ ጊታሪስቱ በራሱ ፔዳል ሌላ ማሚቶ ያወጣል፣ ሁለቱ የተለያየ ፍጥነት ይዘው አየር ላይ ይጋጫሉ። ሁለቱ ሰዎች ከዝግጅቱ በፊት አንድ ደቂቃ ቢነጋገሩ የሚፈታ ነገር ነው። ግን ሳውንድ ቼክ የሚባለው ብዙ ጊዜ እንግዳ ከገባ በኋላ፣ ማይክ በጣት መታ መታ ተደርጎ የሚያልቅ ሥነ ሥርዓት ሆኗል።

የፍጥነቱን ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 60,000ን በደቂቃ ውስጥ ላለው የምት ብዛት ማካፈል በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይሰጣል። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ ዘፈን በምትና በምት መካከል 500 ሚሊ ሰከንድ አለው። ጊታሪስቱ ፔዳሉን በዚህ ልክ አስተካክሎ ይጀምራል፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ሆኖም በደቡብም ሆነ በሰሜን የጭፈራ ዘፈን በጀመረበት ፍጥነት የሚጨርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጨፋሪው ሲነሳ ድራመሩ አብሮት ይነሳል። ከ120 ወደ 126 ቢያድግ ማንም ሰው «ፈጠነ» ብሎ ላያጉረመርም ይችላል። በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ግን 476 ሚሊ ሰከንድ ሆኗል፤ ፔዳሉ አሁንም የሚመልሰው በ500 ነው። የመጀመሪያው ማሚቶ 24 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ጆሮ ችላ ይለዋል። ሁለተኛው 48 ይሆናል፣ ሦስተኛው ከ70 ያልፋል፣ አራተኛው 95 አካባቢ ይደርሳል። ይህን ያህል የዘገየ ድምፅ አድማጩ ጆሮ ላይ የሚደርሰው እንደ ስህተት ነው፤ ሌላ ጊታሪስት ከኋላ ሆኖ እየተንገዳገደ የሚጫወት ይመስላል። ስድስት ምት የጨመረው ድራመሩ ነው፤ ለዚያውም ሳያውቀው። ተጠያቂ የሆነው ግን ፍጥነቱን ያልነካው ሰው ነው።

ሁለተኛው የፍጥነት ችግር ከስልክ መስኮት የመጣ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶች ጊታርና ኪቦርድ የሚማሩት በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ነው፤ ጋሞ ዞንም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከውጭ አገር የአምልኮ ባንዶች በዩቲዩብ የሚያዩት የጊታር ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው የዩቱው ጊታሪስት ዘ ኤጅ ያስፋፋው ዓይነት ነው። ምስጢሩ ማሚቶው በምቱ ሦስት አራተኛ ላይ እንዲመለስ ማድረግ ነው፤ በ120 ፍጥነት 375 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። አንድ ምት ለሁለትና ለአራት በሚከፈልበት ዘፈን ይህ ድንቅ ይሠራል፤ አንድ ማስታወሻ የመታ ጊታሪስት ሦስት የመታ ይመስላል። ቺክቺካ ግን በ6/8 የሚሄድ ምት ነው፤ እያንዳንዱ ምት የሚከፈለው ለሦስት ነው። በዚያው በ120 ፍጥነት የሚያርፍባቸው ቦታዎች 167፣ 333 እና 500 ሚሊ ሰከንድ ናቸው። 375 ከእነዚህ በአንዱም ላይ አያርፍም፤ 333ን በ42 አልፎ ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ልጁ የተማረውን በትክክል ቢያደርግም ውጤቱ ይበላሻል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፔዳሉን በምቱ ሁለት ሦስተኛ ወይም በሙሉ ምቱ ላይ ማድረግ። ብዙዎቹ ፔዳሎች ለሦስት የሚከፍል ምርጫ አላቸው። ይህን ለወጣቱ የሚነግረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምረው ሰው ቺክቺካን ሰምቶ አያውቅም።

በእግር እየመቱ ፍጥነቱን የሚያስተካክሉባቸው ፔዳሎችም አሉ፤ ታፕ ቴምፖ ይሏቸዋል። ዘፈኑ ሲፈጥን ጊታሪስቱ እንደገና ሁለት ሦስቴ ይረግጣል፣ ማሚቶው ይታረማል። ጥያቄው የማንን ምት ተከትሎ ይርገጥ የሚለው ነው። ዘፋኙን ከተከተለ ይሳሳታል፤ ጥሩ ዘፋኝ ከምቱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም መሄድ መብቱ ነው። ሊከተል የሚገባው የድራመሩን ሃይ ሃት ነው፤ ስለዚህ የሚቆመው ሃይ ሃቱን በሚያይበት ቦታ ነው። በጠባብ መድረኮች ላይ ግን ድራመሩ ከስፒከር ጀርባ ይደበቃል፣ ጊታሪስቱ ደግሞ ለቪዲዮ እንዲያምር ወደ ፊት ይገፋል። ለእነዚህ መድረኮች የሚሻለው ትሑት መፍትሔ ነው፤ ማሚቶውን አሳጥሮ 100 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ላይ ማድረግና አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ መተው። እንዲህ ያለ አጭር ማሚቶ ድምፁን ያወፍራል እንጂ ከምቱ ጋር አይጣላም፤ ባንዱ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ግድ የለውም። ረጅሙን ማሚቶ ፍጥነቱ ለማይለወጥ ዘፈን፣ ለትዝታ ወይም ዘፋኙ ብቻውን ለሚያዜምበት መግቢያ ማቆየት ይቻላል።

የሚገርመው ይህን ሁሉ በማሽን ለማድረግ የሚታገለው ባንድ የሚጫወትበት አካባቢ፣ ያለ ማሽን ይህንኑ ሲያደርግ የኖረ መሆኑ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጣ ያለው የዶርዜ ማኅበረሰብ በብዙ ድምፅ የሚዘምር ሕዝብ ነው። አንዱ ወገን ዜማውን ይመራል፣ ሌላው ዝቅ ያለውን ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ሌሎች በየቀዳዳው በአጭር ድምፅ እየገቡ ይወጣሉ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀርጾ ለውጭ ዓለም ያሰማው ይህንኑ ነበር። በሰሜኑም የእምቢልታ ነፊዎች ተመሳሳይ ጥበብ አላቸው፤ እያንዳንዱ የያዘው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ሆኖ ዜማው የሚወጣው ከሦስቱ መፈራረቅ ነው። አንዱ ሲል ሌላው ይመልሳል፤ ጭፈራው ሲፈጥን መላሹም አብሮ ይፈጥናል። ማንም አይዘገይም፤ ምክንያቱም ሁሉም ይሰማማል። የጋሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። ዲሌይ ፔዳል ይህ ችሎታ የለውም። የነገሩትን ይደግማል እንጂ አይሰማም፤ ስለዚህ የመስማቱ ሥራ ከበፊቱ የበለጠ በሰዎቹ ላይ ይወድቃል። ለመድረክ የሚመለመሉ ወጣት ባንዶች ከዩቲዩቡ ጎን ለጎን ጨንቻ ወጥተው አንድ መስቀል ቢያሳልፉ ከብዙ ኮርስ የበለጠ ያተርፋሉ።

የመብራቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በልምምድ አይፈታም።

የጊታር ፔዳል በአብዛኛው የሚሠራው በ9 ቮልት ነው። አንድ ተራ ዲጂታል ዲሌይ ከ55 እስከ 65 ሚሊ አምፔር ይበቃዋል፤ እንደ ስትራይመን ታይምላይን ያሉት ትልልቆቹ 300 ይጠይቃሉ። ከአንድ አምፖል በታች የሚበላ ዕቃ ነው። ነገር ግን ውስጡ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነውና ኃይሉ ለቅጽበት ሲቋረጥ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል፤ በእግር የተመታው ፍጥነት በብዙዎቹ ላይ አብሮ ይጠፋል። አምፖል ብልጭ ብሎ ሲመለስ ማንም ልብ አይልም፤ ፔዳሉ ግን ዘፈኑን ረስቶ ነው የሚመለሰው። ማሚቶው መብራት ሲመለስ «ሌላ ፍጥነት» የሚይዘው በዚህ የተነሳ ነው።

ጄኔሬተርም ሁልጊዜ መልስ አይሆንም። አቅሙ ከመድረኩ ፍላጎት ጋር የተቀራረበ ጄኔሬተር ቤዙና ኪክ ድራሙ አንድ ላይ በመቱ ቁጥር ይወርዳል ይወጣል፤ 220 ቮልቱም 50 ኸርዙም አብሮ ይዋዥቃል። በዚያ ላይ የመድረክ መብራቶቹ፣ የቢራ ማቀዝቀዣውና የጊታር ማጉያው ከአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ይሰካሉ። ማቀዝቀዣው በተነሳ ቁጥር በጊታሩ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። አንድ አዳፕተር ለአምስት ፔዳል በሰንሰለት ሲከፋፈል ደግሞ ዲጂታሉ ሳጥን የሚያወጣው ቀጭን ፉጨት ወደ ሌሎቹ ይገባል፣ ማጉያው ያጎላዋል፣ ዲሌዩም ይደጋግመዋል። ከዚያ «ጊታሩ ይጮሃል» ይባላል።

አዳፕተር ሲጠፋ የሚደረገውም የታወቀ ነው፤ የኢንተርኔት ራውተሩ ገመድ ተነቅሎ ይመጣል። መሰኪያው ልክ ይገባል፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የፔዳሎች መሰኪያ በአብዛኛው መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ የራውተሮቹ ግን በአብዛኛው ፖዚቲቭ፤ ብዙዎቹም 12 ቮልት ናቸው። ፔዳሉ መከላከያ ካለው ዝም ይላል፣ ከሌለው ይቃጠላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣ የ150 ዶላር ሳጥን በአንድ ምሽት ስህተት ሲቃጠል ለአንድ የክፍለ ሀገር ጊታሪስት የወራት ገቢ ነው የሚሄደው።

ከሁሉ የከፋው ግን ድምፅን ለማጥፋት ተብሎ የሚደረገው ነገር ነው። ማጉያው «እምም» ሲል የኤርዙን ጥርስ ማለፍ፣ በሁለት ጥርስ ሶኬት መሰካት ወይም የኤርዙን ሽቦ ቆርጦ መጣል እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ድምፁ ይጠፋል፤ አደጋው ግን ይቀራል። ጊታሪስቱ እጁ በብረት ክር ላይ፣ ከንፈሩ በማይክ ላይ ነው። ሁለቱ ከተለያየ መስመር መጥተው አንዱ ኤርዝ ከሌለው፣ በማጉያው ውስጥ ብልሽት የተፈጠረ ዕለት ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሰውየው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ ስዋንዚ ከተማ የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ ኤርዝ በሌለው ማይክ ምክንያት መድረክ ላይ እንዳለ ሞቷል። ስለዚህ የፔዳሉ ጩኸት ሙዚቃን የሚረብሽ ነገር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ መስመሩ ጤነኛ አለመሆኑን የሚናገር ምልክትም ሊሆን ይችላል። ምልክቱን ዝም ለማሰኘት ሽቦ የሚቆርጥ ሰው የሚጫወተው በሰው ሕይወት ነው።

እዚህ ላይ የጃማይካውን ኪንግ ተቢን ማንሳት ይገባል። ማሚቶን ከጌጥነት አውጥቶ ራሱን የቻለ ሙዚቃ ካደረጉት የደብ ሰዎች ቀዳሚው እሱ ነው። ኪንግ ተቢ ግን ጊታሪስትም ዘፋኝም አልነበረም። በኪንግስተን ራዲዮና ማጉያ የሚጠግን፣ ትራንስፎርመር የሚጠመጥም የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ነበር። ማሚቶውን ያሳመረው መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ያወቀ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ የራስተፈሪያኑን ሰፈር አልፎ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ሰፈር የሚሰማው ሬጌ የዚህ ጥገና ቤት ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢትዮጵያም ቢሆን ጥሩ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የወጣው መድረክ ከነበራቸው ባንዶች ነው። ዋልያስ ባንድ ለዓመታት የሂልተን ሆቴል ባንድ ነበር፤ የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም ጊታርም የብዙ ዘፋኞችን ሥራ ተሸክሟል። በአንድ መድረክ ላይ ለዓመታት መጫወት ማለት የትኛው ሶኬት እንደሚጮህ ማወቅ ማለት ነው፤ ድራመሩ የት ላይ እንደሚፈጥን ማወቅ ማለት ነው። በኋላ ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል አዘጋጅነት «ኤርታሌ»ን ይዞ ሲመጣ የኤሌክትሪክ ጊታር ጥማት በወጣቱ ዘንድ እንዳልሞተ አሳይቷል። የክፍለ ሀገር ከተሞች ወጣቶች ጥማቱን ወርሰዋል፤ ቋሚ መድረኩን ግን አልወረሱም። በየሳምንቱ በሌላ ግቢ፣ በሌላ ሶኬት ላይ ይጫወታሉ።

«አገሪቱ መብራት ሲያጥራት ስለ ጊታር ፔዳል ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ማመንጨትን በተመለከተ ይህ ክርክር ዛሬ ብዙም አይራመድም። በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ ለአርባ ምንጭ ጎረቤት በሆነ ሥፍራ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መድረክ ላይ የሚሰማው ጉድለት ያለው ከግድቡ በጣም ርቆ ነው፤ በሰፈሩ ማከፋፈያ፣ በግቢው ውስጥ በተዘረጋው ሽቦ፣ በሌለው የኤርዝ ዘንግ ላይ። የሰፈሩ መስመር የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ድርሻ ነው፣ እሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ነው። ለግቢ ማሳመሪያ፣ ለመድረክ ባነርና ለባለ ቀለም መብራት ገንዘብ የሚያወጣ ሆቴል ለአንድ የኤርዝ ዘንግና ለድምፅ ብቻ ለሚሆን የተለየ መስመር አጣሁ ቢል የሚያምነው የለም።

«ክራር ያለ ማሚቶ ስንት ዘመን ኖሯል» የሚለው ሌላው ክርክር ይበልጥ ይማርካል። እውነትም ብዙ ባንዶች ዲሌይን ከልክ በላይ ይጠቀሙበታል፤ የጣት ድክመት መሸፈኛ ያደረጉትም አሉ። ግን ዲሌዩን ቢነቅሉት የመብራቱ ችግር አብሮ አይነቀልም፤ ኪቦርዱም ዲጂታል ነው፣ ሚክሰሩም ዲጂታል እየሆነ ነው፣ ክራሩ ራሱ ዛሬ በፒካፕ ነው የሚጫወተው። ዲሌዩ መጀመሪያ የሚታመመው ስለሆነ ብቻ ነው ተለይቶ የሚወቀሰው።

ጊታሪስቱ በራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም ማለት አይደለም። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል የስልክ ፓወር ባንክ ውስጡ 37 ዋት ሰዓት ያህል አለው። ወደ 9 ቮልት በሚያሳድግ ገመድ ቢገናኝና የሚባክነው ተቀንሶ 30 ቢቀር፣ በድምሩ 200 ሚሊ አምፔር የሚበሉ ሦስት ፔዳሎችን በስሌት 16 ሰዓት ያህል ያሠራል። መብራት ቢሄድ ፔዳሉ ፍጥነቱን አይረሳም፤ የጄኔሬተሩም መዋዠቅ ወደ እሱ አይደርስም። ገመዱ ራሱ ርካሽ ከሆነ ሊያፏጭ ስለሚችል ከመድረክ በፊት ቤት ውስጥ መሞከር አለበት። ይህ ግን የግል መጠለያ ነው። ማጉያው፣ ኪቦርዱና የዘፋኙ ማይክ አሁንም ከዚያው ከታመመው መስመር ላይ ናቸው።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ውል ይመጣል። ባንዶች ከሆቴሎችና ከአዘጋጆች ጋር ሲዋዋሉ የሚጻፈው ክፍያው፣ ሰዓቱ፣ እራትና ማደሪያው ነው። ስለ ኤሌክትሪክ አንድ መስመር አይጻፍም። ለድምፅ ብቻ የሆነ፣ ኤርዙ የተፈተሸ መስመርና ከእንግዳ መግባት በፊት የሁለት ሰዓት ሳውንድ ቼክ ውሉ ውስጥ ቢገቡ፣ ዋጋቸው ከአንድ ታዋቂ ዘፋኝ የአውሮፕላን ቲኬት ጋር የሚወዳደር አይሆንም። ለትልልቅ መድረኮች ደግሞ አርባ ምንጭ ከሌላው ከተማ የተሻለ ዕድል አላት። እ.ኤ.አ. በ1986 በውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተጀመረው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎችን ያስተምራል። የአንድ መድረክን ጭነት ማስላት፣ ኤርዙን መለካት፣ መብራቱንና ድምፁን በተለያየ ፌዝ ላይ መክፈል ለእነሱ የተግባር ልምምድ ነው። ከተማዋ የደቡብ ብሔረሰቦችን ሙዚቃ ያሰባሰበውን የሺህ ኮከቦች ፌስቲቫል ያስተናገደች ናት፤ የጋሞ ዘመን መለወጫ ዮ ማስቃላም በየዓመቱ መድረክ ያስፈልገዋል። የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ ሲዋቀር የጸጥታ፣ የመስተንግዶና የቅስቀሳ ንዑስ ኮሚቴዎች አይጎድሉም። ለመጪው መስከረም ወንበሮቹ ከመሞላታቸው በፊት ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ቢቆዩ መልካም ነው፤ አንዱ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አንዱ ለድራመር።